«አሥራ አምስት ሺህ ድረስ አትምጣ» ያልኩት ቀን

ለሰው ስናገር ሥራ ያቆምኩት በጉልበቴ ነው እላለሁ። ውሸት አይደለም። ፎሳ የምንለው፣ መኪናው ከላይ ቆሞ ሠራተኛው ከሥሩ የሚገባበት ጉድጓድ፣ ያለው ሦስት ደረጃ ብቻ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ሦስቱንም ግድግዳ ተደግፌ ነበር የምወጣቸው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ጉድጓድ አይግቡ» አለኝ። «ከአንዱ በስተቀር» አልኩት። አልሳቀም።

ግን ጉልበቴ ብቻ አልነበረም። ሥራ ከማቆሜ ትንሽ ቀደም ብሎ የሠፈራችን ፋርማሲ ባለቤት አዲስ መኪናዋን ይዛ መጣች። «ጋሽ ታዬ፣ ሰርቪስ አድርጉልኝ» አለች። ኮፈኑን ከፈትኩ። እጄ በልማዱ ወደ ዘይት መለኪያው ዘንግ ሄደ፤ እዚያ ቦታ የነበረው ጥቁር የፕላስቲክ ሽፋን ነው። መኪናዋ የኤሌክትሪክ ነበረች። «የሞተር ዘይት የለውም እኮ» አለችኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብላ። ጎማዋን ነፋሁላት፣ የመስታወት ውኃ ሞላሁላትና ሸኘኋት። ከዚያ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት ሙያ እኔ ሳልሞት ሊሞት መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዘይት የሚጠጡት መኪኖች ግን ገና ብዙ ናቸው፤ ሹፌሮቹም አሁን ድረስ መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ሲንተቲክ የሚሉት ዘይት የሚወራለትን ያህል ነው?» ድሮ ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ ነበረኝ። አጭሩ መልሴ የሰው ሞተር ገደለ። ረጅሙን እዚህ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት መንገድ በሚሠራ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ከጎጃም መጥቼ ቀራንዮ፣ አጎቴ ቤት ነበርኩ። አጎቴ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ስለነበር «እጁ አያርፍም፣ ሞክሩት» ብሎ አስገባኝ። የተመደብኩበት ዘይትና ግራሶ ክፍል ከሁሉም ክፍል የተናቀው ነበር። ሞተር የሚያወርዱትና ካምቢዮ የሚፈቱት መካኒኮች «ዘይት ቀጂዎች» ይሉናል። ደሞዙም ስማችንን ይመስል ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሽፈራው ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ቱታቸውን ለሚስታቸው ሳይሰጡ ራሳቸው የሚያጥቡ ሰው ነበሩ። ከማሽን የወጣ ዘይት ሳያዩት አይደፋም። በመጀመሪያ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሹታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እህል እንደሚመርጥ ነጋዴ። ቀጥለው ነጭ ካርቶን ላይ አንድ ጠብታ ያሳርፉና ለነገ ያሳድሩታል። ጠብታው ጠዋት ላይ ይናገራል። ጥላሸቱ እየሳሳ ወደ ዳር ከተበተነ ዘይቱ ገና ቆሻሻውን የመሸከም አቅም አለው። መሐሉ ላይ ጥቁር ሆኖ፣ ጠርዙ በምላጭ እንደተቆረጠ ከቀረ ግን ደክሟል፤ የተሸከመውን መጣል ጀምሯል ማለት ነው። የማሽኑን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ይጽፉና ግድግዳው ላይ በሚስማር ይመቱታል። ቢሯችን ውስጥ ከዚያ ሌላ ጌጥ አልነበረም።

አሮጌ ፊልትሮም፣ የዘይቱ ማጣሪያ፣ እንዲሁ አይጣልም። ቆርቆሮውን በብረት መጋዝ ዙሪያውን ይቆርጡትና በውስጡ ያለውን የታጠፈ ወረቀት እንደ መጽሐፍ ይገልጡታል። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካገኙ ማግኔት ያስጠጉበታል። በማግኔቱ ከተያዘ ብረት ነው፤ ካልተያዘ የሞተሩን ዘንግ ከሚሸከሙት ኩሽኔታዎች የተላጠ ለስላሳ ማዕድን ነው፤ ይሄኛው የባሰ ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን አይናገሩም። እኔን ግን አጠገባቸው ያቆሙኛል። አንድ ቀን አዲስ የመጣ በርሜል ዘይት ስናደንቅ ሰምተው ያሉትን አልረሳም። «የሚገባውን ዘይት ማንም ያመሰግነዋል። አንተ የሚወጣውን ጠይቀው።»

ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ካምፕ ሳለን ያስተማሩኝ ሌላ ነገር አለ። አንድ ግሬደር መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ካምፕ ውስጥ ተገትሮ ሰነበተ። ኦፕሬተሩ ባትሪው እንዳይሞትበት ሞተሩን አስነስቶ ይተወዋል፣ ውስጡም ሆኖ ሙቀት ይሞቃል። ዘይት የመቀየሪያው ቀን ሲደርስ «ይሄ አያስፈልገውም፤ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም» አልኩ። ጋሽ ሽፈራው እጅጌዬን ይዘው ግሬደሩ ላይ አወጡኝና የሰዓት መቁጠሪያውን አሳዩኝ። ማሽን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው የሚቆጠረው።

«ማሽኑ አልሄደም» አሉ፤ «ሞተሩ ግን ሄዷል።»

መሥሪያ ቤቱ ሲከፋፈልና ሠራተኛ ሲቀነስ እኔም ከተቀነሱት ነበርኩ። ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ የግል ጋራዥ ገባሁ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኳይ ነበር። ፊልትሮ ስቆርጥ አይቶ «ታዬ፣ ቆሻሻ ነው የምታነበው?» አለኝ። ሳቅን። በሚቀጥለው ሳምንት ግን መጋዙን ከቦታው አጣሁት፤ መልሼም አልፈለግኩትም። መኪና ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ደንበኛ ሰዓቱን ያያል። ልማድ እንዲህ ነው የሚተውህ፤ ተጣልተኸው አይደለም።

ከዓመታት በኋላ ቀራንዮ የራሴን ከፈትኩ። አንዲት ፎሳ፣ የቆርቆሮ ጥላ፣ ለደንበኛ መቀመጫ አንድ አግዳሚ። ደንበኞቼ ባብዛኛው የታክሲ ሹፌሮች ነበሩ። የምንቀይርላቸው ዘይት አርባ ቁጥር የምንለው፣ ከበርሜል የሚቀዳው ነው። ቶሎ ይጠቁራል፣ እኛም ቶሎ እንቀይራለን። እንዲህ ተስማምተን ስንኖር ሄለን መጣች።

ሄለን ዘይት ከሚያስመጣ ድርጅት የተላከች፣ ኬሚስትሪ የተማረች ወጣት ነበረች። ሻጭ ብዙ አይቻለሁ፤ እሷ ግን ፎሳው ድረስ ወርዳ፣ ጫማዋ ዘይት ነክቶት፣ ምን እንደምሠራ የጠየቀች የመጀመሪያዋ ናት። ከየጋራዡ ሰው ሰብስበው ሥልጠና ሰጡን። አዳራሹ ውስጥ ከማቀዝቀዣ የወጡ ሁለት ጠርሙሶች አመጣች። አንዱ ውስጥ የእኛው አርባ ቁጥር፣ ሌላው ውስጥ ሲንተቲኩ፣ ማለትም በፋብሪካ የተቀመመው ዘይት፣ ነበር። ሁለቱንም ደፋቻቸው። የእኛው እንደ በረደ ማር ተጎተተ፤ ሲንተቲኩ ፈሰሰ። ቀጥሎ ሁለቱን ምድጃ ላይ አሞቀቻቸው። የእኛው ጨሰ፣ የእሷ ዝም አለ። ዓይኔ ያየውን ልክድ አልችልም። በዚያ ሁሉ ውስጥ አንድም ማታለል አልነበረም፤ ዛሬም ይህን እመሰክራለሁ።

ሲያበቃ የምስክር ወረቀት፣ ቱታና ኮፍያ ሰጡን። በአማርኛ የተጻፈ የሚታደል ወረቀትም ነበረው። ላዩ ላይ በትልቁ፦ «15,000 ኪሎ ሜትር ያለ ሐሳብ»። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ግድግዳዬ ላይ ተሰቀለ። «ዘይት ቀጂ» የተባለ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከድር የዚያን ጊዜ ወዳጄ ነበር። የስልጤ ሰው ነው፤ ያደገው እዚሁ ኮልፌ ነው። የሰው መኪና ሲነዳ ዕድሜውን ጨርሶ ነበር በመጨረሻ የራሱ የሆነች አሮጌ ናፍጣ ሚኒባስ የገዛው። ከጦር ኃይሎች ቀራንዮ ይመላለስባታል። ሚኒባሷን ሲያቆም በእጁ ጎኗን መታ መታ አድርጎ ነው የሚሄደው።

«ይሄ ውድ ነው የተባለው ዘይት፣ ለእኔ ይሆናል?» አለኝ አንድ ቀን።

«ለማን ሊሆን ነው ታዲያ?» አልኩት። «ውድ የሚመስልህ አንዴ ስትከፍል ነው። በየጊዜው እየመጣህ ሥራ ከምትፈታ፣ አንዴ ሞልተህ ትረሳዋለህ።»

«ስንት ይሄዳል?»

ወረቀቱን አሳየሁት። «አሥራ አምስት ሺህ ድረስ አትምጣ።»

ከድር ወረቀቱን አላነበበም። እኔን ነው ያየው። «አንተ ካልክ» አለና ቁልፉን ሰጠኝ። የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ሞተሯ ከዚህ በፊት በምን ዓይነት ዘይት እንደኖረች ላስብ ይገባኝ ነበር። አላሰብኩም። አሮጌውን ዘይት አፍስሼ፣ ሳላየው ደፍቼ፣ አዲሱን ሞላሁ።

ወራት አለፉ። ባየሁት ቁጥር «እንዴት ናት?» እለዋለሁ፤ «ድምፅ የላትም» ይለኛል፤ ሁለታችንም ደስ ይለናል። አንድ ማክሰኞ ደወለልኝ።

«ታዬ፣ ተራ ይዤ ስቆም ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ትላለች። ስንቀሳቀስ ትጠፋለች።»

«ዘይቱን ለካኸው?»

«ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው ሽቦው ነው» አልኩት። «ይሄ ዘይት እንዲያ አያደርግም። ንዳት፤ ቅዳሜ አያታለሁ።»

ፎሳው ውስጥ ሌላ መኪና ነበረኝ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤ፣ እጄ ሌላ ሥራ እየሠራ የተናገርኩት ነው። ንግግራችን አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባሷ ዳገቱ መሐል ላይ ደርቃ ቀረች። ስደርስ ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ ታክሲ ይጠብቃል፤ ከድር መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል። ሞተሩን በእጄ ላዞረው ሞከርኩ፤ ድንጋይ ሆኗል። የተቃጠለ ብረት ሽታ አለ። ጎትተን ወሰድናት።

በማግስቱ ከሥሯ ገብቼ ኮፓውን፣ ማለትም ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ትሪ፣ አወረድኩት። ዘይቱ ሬንጅ መስሏል። ፖምፓው ዘይት የሚስብባት ወንፊት ላይ ጥቁር ጭቃ እንደ ገንፎ ተለጥፏል። ነገሩ ቶሎ ገባኝ፤ የሚያበሳጨውም ቶሎ መግባቱ ነው። ያቺ ሞተር ለዓመታት በርካሽ ዘይት ስትኖር ግድግዳዋ ላይ ዝቃጭ ጋግራለች። አዲሱ ዘይት ጎበዝ አጣቢ ነው፤ ያንን ዝቃጭ አላቀቀው። ቶሎ ብንቀይረው ይዞት ይወጣ ነበር። እኛ ግን በውስጧ እንዲዞር ተውነው። ከላዩ ደግሞ በየተራው ሰልፍ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆምበት ሰዓት አለ። የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ገና ግማሽ አልደረሰም፤ ሞተሩ የሠራው ሰዓት ግን ከልኩ አልፏል። ወንፊቷ ስትደፈን ዘይቱ ወደ ላይ አልደረሰም፤ መብራቷም ይህንኑ ነበር የምትናገረው። ፎሳው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ካምፕ፣ ግሬደሩ ላይ ቆሜ የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት፣ ደውዬ ስለነገርኳት፣ ሄለን ከድርጅቱ ተቆጣጣሪ ጋር መጣች። ሰውየው ትሑት ነው፤ ቅጽ ይዟል። አንድ ናሙና ወስዶ ዘይቱ የራሳቸው መሆኑን አረጋገጠ፤ ጋሎኖቹን የሸጠችልኝ ሄለን ራሷ ስለሆነች በዚህ ጥርጣሬ አልነበረም። ከድር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«አቶ ታዬ» አለ ተቆጣጣሪው፣ «የሠለጠኑ ባለሙያ ስለሆኑ የእርስዎ ፊርማ ይበቃል። ተጠቃሚው የማስጠንቀቂያ መብራት እያየ መንዳቱን ቀጥሏል፤ ይህ ከተጻፈ ጉዳዩ ይዘጋል። እርስዎንም የሚነካዎት ነገር የለም።»

ይህን ሲል እውነቱን ነው፤ ከድር መብራቷን እያየ ነድቷል። ስልኩን ያነሳው ማን እንደሆነ የምናውቀው እኔና ከድር ብቻ ነን። ከድርን አየሁት። አይለምነኝም፤ አያስፈራራኝም። መሬት መሬት ነው የሚያየው። ምን እንደምል አስቀድሞ ያወቀና የለመደ ይመስላል። 

«ደውሎልኛል» አልኩ። «መብራቷን ነግሮኛል። ንዳት ያልኩት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ሺህ ድረስ አትምጣ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ተቆጣጣሪው ብዕሩን ዘጋ። ሄለን የሚታደለውን ወረቀት ከአግዳሚው ላይ አንስታ አገላበጠችው። ከቦርሳዋ ደግሞ የአምራቹን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣችና ከታች ያለችውን ትንሽ መስመር ቀስ እያለች ወደ አማርኛ መለሰችልን። «እስከ አሥራ አምስት ሺህ ነው የሚለው። ‹እስከ›። የመኪናው አምራች ከሚያዘው አይለፍ ይላል። አቧራ ባለበት፣ በአጭር ጉዞ፣ ሞተር ሳይጠፋ ረጅም ጊዜ በሚቆምበት፣ በአሮጌ ሞተር ላይ፣ ጊዜው ይጠር ይላል።»

«በአማርኛው ላይ የታለ ይሄ?» አለ ከድር። እስከዚያ ድረስ አልተናገረም ነበር።

«የለም» አለች። ፊቷ ቀላ። «የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ቦታ አልበቃ ሲል እሷን መስመር ተውኳት።»

ተቆጣጣሪው ያልተፈረመበትን ቅጽ አጥፎ ይዞ ሄደ። 

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከድር ቤት ሄድኩ። ሞተሩን ራሴ አድሼ እንደምሰጠው፣ የእጅ ዋጋ እንደማልጠይቅ፣ በመለዋወጫውም እንደማግዝ ነገርኩት። ባለቤቱ ውኃ አቀረበችልኝና ገባች። 

«እውነቱን ተናግረሃል፤ አላህ ይስጥህ» አለኝ ከድር። «ግን ሌላ ቦታ ነው የማሠራው።»

«ለምን? ካጠፋሁ ላስተካክል እንጂ።»

«ቂም ይዤ አይደለም። አንተ ከሠራህልኝ መልሼ አምንሃለሁ። አሁን እሱን አልፈልግም።»

ሚኒባሷ ግን ሌላም ቦታ አልተሠራችም። ወጪው ከአቅሙ በላይ ሆነበትና እንደቆመች ሸጣት። ከድር በዚያ ዕድሜው ተመልሶ የሰው መኪና ሊነዳ ገባ። በጠዋት በደጄ ሲያልፍ አየዋለሁ። እጁን ያነሳልኛል፤ አይቆምም። ከዚህ ሥራ የማይረሳኝ ምንድን ነው ቢሉኝ ያች የምታልፍ እጅ ናት።

የሚያማክረኝ ሰው ፈለግኩና ሳንሱሲ ወረድኩ፤ ጋሽ ሽፈራው ጡረታ ወጥተው እዚያ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሰምተው አወቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠፍቶ መልሼ ያልፈለግኩትን መጋዝ ሳይቀር። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ፊልትሮ መቁረጥ ከየት የተማርኩት ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ከፈረንጆቹ መሐንዲሶች ነው ብዬ ነበር።»

«ዶዘር ገድዬ ነው» አሉ። «ወጣት ሆኜ። ብናኙ ፊልትሮው ውስጥ ነበር፤ ሳላየው ጣልኩት። በዚያ ዶዘር ምክንያት ኦፕሬተሩ ከሥራ ተባረረ። ደሃ ነበር፤ ልጆች ነበሩት። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አልተናገርኩም።» ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱና «አንተ ተናግረሃል» አሉኝ።

ያን ሁሉ ዓመት በዝምታቸው ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ አብሬያቸው ነበርኩ። ስወጣ በር ድረስ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ሸኙኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ የብረት መጋዝ ገዛሁ። የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አወረድኩት፤ በንዴት አይደለም፤ ለካርቶን ቦታ ፈልጌ ነው። ሄለን ደግሞ በዚያው ሳምንት ብቻዋን መጣች። የምትሸጥ መስሎኝ ነበር።

«ጋሽ ታዬ» አለች፣ «እኔ ዘይቱን የማውቀው በላቦራቶሪ ነው። እዚህ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ማንም ለክቶ አልነገረኝም። እንለካው?»

አምስት ፈቃደኛ ሹፌሮች አገኘን። በየአንድ ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይመጣሉ፤ ከዘይቱ ጠብታ ወስጄ ካርቶን ላይ አሳርፋለሁ፤ እሷ በንጹሕ ጠርሙስ ጥቂት ትወስዳለች። ሹፌሮቹ ሞተሩ ተነስቶ የቆመበትን ሰዓት ጭምር እንዲይዙልን ለመንናቸው። መጀመሪያ ሳቁብን፣ በኋላ እርስ በርስ መወዳደሪያ አደረጉት። ሄለን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ካርቶኖቹን ደርድራ ስታይ፣ አንዳንዴ የእኔ ጠብታና የእሷ ላቦራቶሪ ይስማማሉ፣ አንዳንዴ ይጣላሉ። ሲጣሉ ይበልጥ ደስ ይላት ነበር።

ያገኘነው አንድ ቁጥር አይደለም። ወደ አምቦ የሚመላለሰው፣ ሞተሩ ጤነኛ የሆነው መኪና ዘይቱን አርባ ቁጥሩ በማይደርስበት ርቀት ድረስ ይዞት ሄደ፤ ጠብታውም ገና ተበትኖ ይታይ ነበር። ተራ ሲጠብቁ የሚውሉት ታክሲዎች ግን ወረቀቱ ከሚለው ግማሽ እንኳ ሳይደርሱ ጠብታቸው መሐል ላይ ጠቆረ። አንደኛው አሮጌ ሞተር በመጀመሪያው ሺህ ላይ ፊልትሮው ሞልቶ ተገኘ። ቶሎ ቀየርንለት፤ እንደገና ቶሎ ቀየርንለት፤ ከሦስተኛው በኋላ ጸዳና እንደ ሰው መሄድ ጀመረ። የከድርም ሞተር እንዲህ ትድን ነበር። ይህን ባወቅኩበት ቀን ምሳ አልበላሁም።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው ይህ ነው። ሲንተቲክ ዘይት ውሸት አይደለም። ጠዋት በብርድ ሲነሳ ቶሎ ወደ ላይ ይደርሳል፣ ዳገት ላይ ሲግል አይፈራም፣ ሞተር ያጸዳል። እውነተኛውና ያልተከፈተው ጋሎን መሆኑን ብቻ አረጋግጥ፤ ባዶ ጋሎን ገዝቶ ሌላ ነገር የሚሞላ ሰው አይጠፋም። ጋሎኑ ላይ ያለው ቁጥርም ፈጠራ አይደለም፤ ግን የሚናገረው ስለ ሌላ መኪና፣ ስለ ሌላ መንገድ ነው። ቁጥሩን የጻፈው ሰው አንተን አያውቅህም። የሚያውቅህ ዘይት ቀያሪህ ነው፤ እሱ ካልጠየቀህ ቁጥሩም ባዶ ነው።

ሄለን አለቆቿን ወረቀቱን እንዲያርሙ ጠየቀቻቸው። በወቅቱ አልሰሟትም፤ የታተመው ሳያልቅ አይሆንም አሏት። እሷም በየጋራዡ ስትዞር የተተወችውን መስመር በእጅ ጽሑፏ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ትጽፍ ነበር። እጇ እስኪዝል። በኋላ የወጣው አዲስ እትም መስመሯን ይዟል፤ ፊደሉ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ልጅቷ አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ናት፤ በበዓል ትደውልልኛለች።

ከድር ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። ሥራ ለማቆም ወራት ቀርተውኝ ነበር። ከአማቹ ጋር በሽርክና የገዟትን ሚኒባስ እየነዳ ቀጥታ ፎሳው ላይ አቆማት። ወረደ፤ ጎኗን መታ መታ አደረጋት። ቁልፉን ዘረጋልኝ።

«ዘይት ቀይርላት» አለኝ።

ቁልፉን አልተቀበልኩትም። «ቀኑን ስንት ሰዓት ትሠራለህ?» አልኩት። «ተራ ስትይዝ ሞተሩን ታጠፋለህ ወይስ እንደተነሳ ነው? ከዚህ በፊት የነበራት ሰው ምን ዓይነት ዘይት ይጠቀም ነበር? መጨረሻ የተቀየረላት መቼ ነው? የምትሠራበት መንገድ አስፋልት ብቻ ነው?»



«ያኔ ይሄን አልጠየቅከኝም» አለ ከድር፣ ቁልፉን እንደዘረጋ። ቁጣ የለበትም።

«አልጠየቅኩህም» አልኩት።

አግዳሚው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ጃኬቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የማስነሳት» ብሎ ጀመረ።